ሽቦውን ሳንቀብር ሰው ቀበርን

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ጅማ ውስጥ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ድንኳኑ የተተከለው ከእኛ ቤት አራት አጥር አለፍ ብሎ ነው። የሞተው አሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላው የጎረቤት ልጅ ነው። አቮካዶ ሊያወርድ፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ የተበየደበት የውሃ ቧንቧ ብረት ይዞ ዛፍ ላይ ወጣ። ብረቱ በቅጠሉ መሐል የሚያልፈውን የመብራት ሽቦ ነካ። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አይረዝምም።

ድንኳኑ ውስጥ እንደ ወጉ የሚባለው ሁሉ ተባለ። አንድ ሽማግሌ «ቀኑ ደርሶ ነው» አሉ። ሌላው «የአላህ ውሳኔ ነው፤ ምን ይደረጋል» አሉ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የዛሬ ልጆች እኮ አይሰሙም» አለኝ፤ ጥፋቱን ቀስ አድርጎ ወደ ሟቹ እየገፋ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ራስ ከመነቅነቅ ሌላ ምን ይደረጋል?

ሊመሽ ሲል ተነስቼ ስወጣ ግን ቀና ብዬ አየሁ። ድንኳኑ ውስጥ አንድ አምፖል በርቷል። ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩት። ከየት የተቀጠለ ቢሆን ጥሩ ነው? ከዚያችው ሽቦ። ከትናንት በስቲያ ልጁን የገደለችው ሽቦ ዛሬ የልጁን ለቅሶ ታበራለች። የተላጠው ቦታ ላይ ናስትሮ እንኳ አልተጠቀለለበትም።

እዚያ ላይ ነው የተናደድኩት። በፈጣሪ ውሳኔ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን የዚያችን ሽቦ ልባስ የላጠው ፈጣሪ አይደለም። ዛፉ በሽቦዎቹ መሐል እየገባ ሲያድግ ስድስት ሰባት ዓመት ቆመን ያየነው እኛ ነን። ስለዚህ እባካችሁ «ቀኑ ደርሶ ነው» አትበሉኝ። የደረሰበት ቀኑ ሳይሆን ሽቦው ነው።

ጅማን ለማታውቋት አንባቢዎች ትንሽ ላውራ። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ይህ ዝናብ ለቡናው በረከት ነው፤ ለባሕር ዛፍ ምሰሶ ግን ቀስ ብሎ የሚገድል በሽታ ነው። የምሰሶው እግር በእርጥቡ ቀይ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይገባበታል፤ አንድ ቀን ነፋስ ሲመጣ እንደ ሰካራም ዘንበል ይላል፤ የተሸከመው ሽቦም አብሮት ይረግባል። በዚያ ላይ ዛፉ አለ። ጅማ ላይ የአጥር እንጨት እንኳ ቅጠል ያወጣል። አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ዋንዛው፣ ግራቪሊያው ሽቦ አለ ብሎ ማደጉን አያቆምም። ጦጣውም ከዛፍ ወደ ሽቦ፣ ከሽቦ ወደ ቆርቆሮ ሲዘል ስንት ጊዜ አይተነዋል።

ትልልቆቹን መስመሮች ተዉአቸው። 15 ሺህና 33 ሺህ ቮልት የሚሸከሙትን ሰው ሁሉ ይፈራቸዋል፤ ባለቤትም አላቸው። የእኔ ጠብ ከትንሿ ጋር ነው፦ ከሰፈሩ ምሰሶ ተነስታ እስከ ቤታችን ቆጣሪ ከምትመጣው ባለ 220 ቮልት ቁራጭ ጋር። ይህቺን የሚፈራት የለም። ልብስ የሚያሰጣባት አይቻለሁ።

የእኛዋን ልንገራችሁ። ከምሰሶው ተነስታ የሐጂን ጓሮ ታቋርጣለች። ከዚያ በጎረቤታችን በእትዬ የቡና ማስጫ አልጋ አናት ላይ ታልፋለች፤ እዚያ ስለምትረግብ በባላ ተደግፋለች። ቡናው በሚሰጣበት ወራት ሴቶቹ ጀንፈል ሲያገላብጡ ጎንበስ ቀና የሚሉት በእሷ ሥር ነው። ከዚያ ወደ እኛ ቤት ስትደርስ የቆርቆሮውን ጠርዝ እየታከከች ትገባለች። ቆርቆሮ ቢላ ነው። ነፋስ ሲያወዛውዛት ጠርዙ ልባሷን ይሞርዳታል፤ አንድ ቀን የተላጠችው ሽቦ ቆርቆሮውን የነካች ዕለት ጣሪያው፣ አሸንዳው፣ በአሸንዳው የሚወርደው ውሃ ሁሉ መብራት ይሆናል። እኛ ደግሞ ከአሸንዳው ሥር ባልዲ እናስቀምጣለን።

ይህ የእኔ ሰፈር ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። የቡ ብትሄዱ፣ አጋሮ ብትሄዱ፣ ሊሙ ገነት ብትዘልቁ ያው ነው። ከአንድ ቆጣሪ አራት ቤት ይቀጠላል፤ ከአራቱ ቤት ደግሞ ኪዮስኩ፣ ሻይ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ ይቀጠላል። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላሉ። እኛ ላሚቱን የምር ሰማይ ላይ ሰቅለናታል። ወተቷን አንድ ቀን ብናይ ሌላውን ቀን እናጣዋለን፤ ቀንዷ ግን ሁልጊዜ ከራሳችን በላይ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ የራሴን ገመና ልግለጥ። ሌላውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው።

ለቅሶው እንዳበቃ «በእኔ ቤት ይህ አይደገምም፤ ሽቦዬን ከመሬት በታች አስቀብራለሁ» ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ። አንድ ኤሌክትሪሺያን አመጡልኝ። ፈጣን ልጅ ነው። ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአንድ ቀን ሥራ ነው» አለኝ። የአንድ ቀን ሥራ ማን ይጠላል? ስለ ገመዱ ዓይነት ስጠይቀው «ወፍራም ነው፣ አያስቡ» አለ። ቧንቧ ስለው የአትክልት ማጠጫ ጎማ አመጣ። ቦዩ ሁለት ስንዝር ያህል ወረደ፤ ሥር ሲያጋጥመው ደግሞ ዞር እያለ፣ ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ በግቢው መሐል እንደ እባብ ተጥመልምሎ ሄደ። አፈር ተመለሰበት፤ ሣር ተተከለበት። በጀንበር ተጠናቀቀ።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት፤ ጥርት ብሏል። ጎረቤት እየመጣ «እንዴት ያምራል!» አለኝ። ሁለቱ ያንኑ ልጅ ጠርተው የእነሱንም አስቀበሩ። እኔም እንደ አዋቂ ምክር እሰጥ ጀመር።

ሐምሌ ገባ። የጅማ ሐምሌ። ውሃው ግቢው ውስጥ ተኛብኝና ከአሸንዳው ወደ ውጭ የሚያወጣ ቦይ እንዲቆፍርልኝ አንድ የቀን ሠራተኛ ቀጠርኩ። ሽቦውን ረስቼዋለሁ። እውነቴን ነው፤ ከአራት ወር በኋላ በየት እንደሚያልፍ እንኳ አላስታውስም ነበር። ምልክት የለውም፤ የተሳለ ወረቀት የለውም። ሰውዬው ሦስት አራት ጊዜ ዶማውን አነሳ። በአምስተኛው ብልጭታ አየሁ፤ እንደ ጥይት የጮኸ ድምፅ ሰማሁ፤ ሰውዬው በጀርባው ወደቀ።

አልሞተም። የዶማው እጀታ ደረቅ እንጨት ነበር፤ እግሩ ላይ የጎማ ቦት ጫማ ነበረ። ያተረፈው የእኔ ጥንቃቄ አይደለም፤ የራሱ ቦት ጫማ ነው። ውሃ አምጥተን ፊቱን አራስነው። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ቀና ብሎ አየኝና አንዲት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ እዚህ ምን ቀብረዋል?»

ምን ብዬ ልመልስለት? የተሰቀለ እባብ ቢያንስ ይታያል፤ ልጅህን «ተው፣ ራቅ» ትለዋለህ። እኔ ግን እባቡን አውርጄ ሣር ውስጥ ከተትኩት፤ በላዩ ላይ ደግሞ አበባ ተከልኩ። በአማርኛ የተዳፈነ እሳት የሚባለው ይህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቅሁ። በአንድ ቀን ማለቁ ራሱ ምልክት ነበር አሉኝ። ለመሬት የተሠራ ገመድ ሌላ ነው፤ ከላይኛው ልባሱ ሥር የብረት ክር ዙሪያውን ተጠምጥሞለታል። ያ ከሌለ ለዚህ ሥራ የተሠራ ጠንካራ ቧንቧ ውስጥ ይገባል፤ የአትክልት ጎማ ቧንቧ አይደለም። ጥልቀቱ ግቢ ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ መኪና በሚያልፍበት ደግሞ ከዚያ በላይ መውረድ አለበት። ገመዱ ድንጋይ ላይ አይተኛም፤ ከሥሩም ከላዩም አሸዋ ይደረግለታል። ከአሸዋው በላይ ሸክላ ጡብ ይደረደራል፣ ወይም ከሩቅ የሚታይ ቀለም ያለው የማስጠንቀቂያ ጥብጣብ ይዘረጋል፤ ነገ የሚቆፍር ሰው ገመዱን ሳያገኝ በፊት ጥብጣቡን እንዲያገኝ ነው። መስመሩ በአጥሩ ሥር ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ ግቢ አያቋርጥም። ከውሃ ቧንቧ ይርቃል። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲሾልክ በቅጽበት የሚያጠፋ ብሬከር ይገባለታል። ኧርዝ ይቀበርለታል። በመጨረሻም በወረቀት ላይ ይሳላል። እንግዲህ ቁጠሩ፤ ከእነዚህ ሁሉ እኔ ያደረግሁት ስንቱን ነው? አፈር መመለሱን ብቻ።

ይህን አንብቦ ነገ ጠዋት ራሱ ዶማ የሚያነሳ አንባቢ ካለ እባክህ ተው። ከምሰሶው የሚመጣውን መስመር ማጥፋትም መንካትም የሚችለው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። እኔ ያን ስላላከበርኩ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ይህ ትምህርት አዲስ አይደለም፤ ሌሎች በደም ከፍለው ከተማሩት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ኒውዮርክ ውስጥ ፐርል ስትሪት ላይ ጣቢያውን ሲከፍት ሽቦውን ከመጀመሪያው ከመሬት በታች ነበር ያስገባው። ሌሎቹ ኩባንያዎች ግን ምሰሶ ይረክሳል ብለው ሰማዩን በሽቦ ሞሉት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1888 ከባድ የበረዶ ውሽንፍር መጥቶ ምሰሶውን ዘረረው። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ጆን ፊክስ የተባለ የቴሌግራፍ መስመር ሠራተኛ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ እያየው፣ በሽቦዎቹ መሐል በኤሌክትሪክ ተቃጥሎ ሞተ። ሬሳው እስኪወርድ ድረስ እዚያው ተንጠልጥሎ ቆየ። የከተማው ሰው ቁጣ ገነፈለ፤ ኩባንያዎቹ በፍርድ ቤት ሲያጓትቱት የነበረው የምሰሶ ቆረጣም ተፋፋመ። ኒውዮርክ ሽቦዋን የቀበረችው እንድታምር አይደለም። ሰው ስለሞተ ነው።

ጊዜውን ልብ በሉልኝ። ጆን ፊክስ የሞተው በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ዐፄ ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ቤተ መንግሥታቸው በኤሌክትሪክ መብራት የበራው ከዚያ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ነው። ማለትም የመጀመሪያው አምፖል አገራችን ሳይገባ ትምህርቱ ተጽፎ፣ ተነቦ፣ አልቆ ነበር። ሌላው በሬሳ የገዛውን ዕውቀት በነጻ ልንወስድ እንችል ነበር።

ኤዲሰንም ቢሆን ሁሉ ነገር ቀንቶት አልነበረም። አንድ መንታ መንገድ ላይ ከተቀበረው መስመር ኤሌክትሪክ ሾልኮ፣ በእርጥቡ መንገድ የሚያልፉ ፈረሶች እየዘለሉ አስቸግረው እንደነበር ራሱ ተርኳል። የእኔ ግቢ ጉድ መሆኑ ነው። መቅበር ብቻውን መዳን አይደለም። ክፉ ቀብር ከመስቀልም ይብሳል።

አሁን ወደ ከተሞቻችን ልመለስ። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ዘልቋል፤ ጅማም ደርሷታል። በዚህ ሥራ ከሚነሱት ነገሮች አንዱ የመብራትና የቴሌ መስመሮችን ከመሬት በታች ማስገባት ነው። ጥሩ ነው፤ እኔ ሥራ አልጠላም። ግን ለምን እንደሚቀበር ሲነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ለከተማዋ ውበት» ነው የሚባለው። ጠቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ ውበት ከሆነ ቀብሩ ዋናው ጎዳና ላይ ያልቃል፤ እንግዳ የሚያየው እዚያ ነውና። ምክንያቱ ሕይወት ከሆነ ግን ከጓሮ ነው የሚጀምረው። አደባባይ ላይ ቆሞ አቮካዶ የሚያወርድ ሰው የለም። አደባባይ ላይ ጀንፈል የምታሰጣ ሴት የለችም። ሽቦ ሰው የሚገድለው እንግዳ በማይገባበት ቅያስ ውስጥ ነው።

ይህን ስል የሚሰጡኝን መልሶች አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው «ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ገና መብራት ሳያገኝ አንተ ስለ ቀብር ታወራለህ፤ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ከባድ መልስ ነው፤ አልሸሸውም። ለገጠሩ ሽቦው በምሰሶ ይሂድ። ቤቱ የተራራቀ ነው፣ ርቀቱ ብዙ ነው፣ መብራቱ ቶሎ ይድረስ። መስመር መቅበር ከመስቀል በብዙ እጥፍ እንደሚወደድም አውቃለሁ። ሀብታሞቹ እንኳ እኩል አልሄዱም። ኔዘርላንድ ውስጥ ወደ ቤት የሚገባው መስመር ከሞላ ጎደል ሁሉ ከመሬት በታች ነው፤ ቶኪዮ ግን ዛሬም ምሰሶ የሞላባት ከተማ ናት፤ ጃፓኖች ምሰሶን ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ2016 ሕግ እስከማውጣት ደርሰዋል። ሁሉም ይቀበር አላልኩም።

ነገር ግን «አቅም የለንም» የሚለውን ጅማ ላይ ቆሞ ለሚነግረኝ አልቀበለውም። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. 184 ሜጋ ዋት ይዞ የተነሳው እዚሁ በጅማ ዞን መሬት ላይ ነው፤ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተውለታል። ለጊቤ ሁለት 26 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋሻ በተራራ ሆድ ውስጥ ተሰርስሯል። ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት ሆኖ መጣ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋቱን የሕዳሴ ግድብ መርቀናል፤ በእሱ ማን ያልኮራ አለ? እንግዲህ ወንዝ ገድበን፣ ተራራ ሰርስረን፣ ያን ሁሉ ኃይል በብረት ምሰሶ ተሸክመን ሰፈር ካደረስነው በኋላ፣ ለመጨረሻዋ ሃያ ሜትር የተረፈን ባላ እንጨት ነው? ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትር ዋሻ የተቆፈረበት አገር ሃያ ሜትር ቦይ መቆፈር አቃተው?

ሁለተኛው መልስ «የተቀበረ መስመር ሲበላሽ ብልሽቱ አይገኝም» የሚል ነው። እውነት አለው። የተሰቀለውን ቆሞ ያዩታል፤ የተቀበረውን ፈልጎ ለማግኘት መሣሪያም ሙያም ያስፈልጋል። ግን ብልሽቱ የማይገኘው ሽቦው ስለተቀበረ ብቻ አይደለም፤ የት እንደተቀበረ የጻፈ ሰው ስለሌለ ነው። በጽሑፍ አገር የምንኖር ሰዎች ነን፤ መሬት ውስጥ ያለንን ነገር ግን በቃል ነው የምንይዘው። የውሃ መስመሩ የት እንደሚያልፍ የሚያውቁ ሽማግሌ ጡረታ ሲወጡ ከተማው ይጠፋበታል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ መቅበር በማይቻልበት ቅያስ ራቁት ሽቦ ይውረድ። በልባስ ተሸፍኖ አንድ ላይ የተጎነጎነ የአየር ገመድ አለ፤ ቅርንጫፍ ቢነካው በቀላሉ አይገድልም። ከቀብር ይረክሳል። ዛፍ ለበዛበት ለእንደ እኛ ዓይነቱ ከተማ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ሁለተኛ፣ ኮብልስቶን ከመነጠፉ በፊት ባዶ ቧንቧ ይቀበር። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። የሰፈር ሰው ካለችው ላይ አዋጥቶ ድንጋይ ያስነጥፋል። ዓመት ሳይሞላው አንዱ ለውሃ ይነቅለዋል፣ ሌላው ለስልክ ይነቅለዋል፤ የተነቀለው ድንጋይ እንደነበረው አይመለስም። መንገዱ አንድ ጊዜ ሲከፈት ባዶ ቧንቧ አስቀምጦ መዝጋት ከጠቅላላው ወጪ ምን ያህል ነው? ዛሬ ገመድ መግዣ ባይኖር እንኳ ነገ ድንጋይ ሳይነሳ ገመዱ ይገባል። ቧንቧው ቢያንስ ለልጆቻችን የተዘጋጀ መንገድ ነው።

ሦስተኛ፣ በየቀበሌው አንድ ካርታ ይኑር። መሬት ውስጥ ምን እንዳለ የሚያሳይ ወረቀት። ቦይ የሚቆፍር ሁሉ፣ መንግሥትም ይሁን ግለሰብ፣ ዶማ ከማንሳቱ በፊት ያቺን ወረቀት ይይ። የቀን ሠራተኛው ያቀረበልኝ ጥያቄ በቢሮ ደረጃ መልስ ያግኝ ማለቴ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ «መንግሥት ያድርገው» ብዬ ብዕሬን ብሰቅል የተለመደው ይሆናል። ግን በእኛ ሰፈር የሆነውን ልጨርስላችሁ። የግሌን ብቻ መቅበሬ ራሱ ስህተቱ ነበር። እኔ የእኔን፣ ጎረቤቴ የእሱን፣ እያንዳንዳችን በድብቅ፣ በርካሽ፣ በየራሳችን አቅጣጫ ስንቀብር ሰፈሩን ወጥመድ አደረግነው። መብራት እንደ እሳት ነው፤ የጎረቤትህ ሲቃጠል የአንተ ብቻውን አይተርፍም። አንድ ቅያስ አንድ ቦይ ነው የሚያስፈልገው፤ አንድ ባለሙያ፣ አንድ ፈቃድ፣ አንድ ካርታ። ወጪውም ለአሥራ አራት ቤት ሲካፈል ያን ያህል አያስደነግጥም። ይህን የሚያህል ነገር በጋራ የማድረግ ልምድ ደግሞ አለን። ዕድር አለን።

ጥቅምት ላይ በዕድራችን ስብሰባ ጉዳዩን አነሳሁት። መጀመሪያ ያስቀበርኩትን ነገር፣ የቀን ሠራተኛው የደረሰበትን፣ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ያን ልጅ ጠርተው ያስቀበሩት ሁለቱ ጎረቤቶቼ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። ገንዘብ ያዡ «የዕድሩ ገንዘብ ለዚህ አይደለም» አሉ። አንዱ «መተዳደሪያ ደንባችንን እዩት፤ ዕድሩ የተቋቋመው ለቀብር ነው» አለ። ከኋላ በኩል ሳቅ ተሰማ።

የልጁ እናት ከሴቶቹ መሐል ተቀምጠው ነበር። ከለቅሶው ወዲህ በስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምተናቸው አናውቅም። ቀስ ብለው ተነሱ። «ለልጄ ስንት ክንድ ቆፈራችሁለት?» አሉ። ማንም አልመለሰም። «ለሽቦው ከዚያ ግማሹም ይበቃዋል እየተባለ ነው። የከበደው የቱ ነው?» ብለው ተቀመጡ።

ውሳኔው በዚያ ቀን አላለቀም፤ ገና እየተነጋገርን ነው። የሚቃወሙ አሉ፤ ሒሳቡን አሳዩን የሚሉ አሉ፤ እነሱም ትክክል ናቸው፤ ሒሳብ መታየት አለበት። እስከዚያው ያቺን የተላጠች ሽቦ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አስመጥተን አስጠግነናል፤ የአቮካዶው ቅርንጫፍ ተቆርጧል። የእኔም ግቢ እንደገና ተቆፍሮ ያ የአትክልት ጎማ ወጥቷል። በእሱ ፈንታ የገባውን መስመር በወረቀት ስዬዋለሁ፤ አንዱን ቅጂ ለዕድሩ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ። ነገ እኔ ባልኖር፣ ቤቱን የሚገዛው ሰው ዶማ ሲያነሳ «እዚህ ምን ተቀብሯል?» ብሎ ከጠየቀ መልስ ያገኛል።

እናንተም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ቀና በሉ። ሽቦዋ በየት አድርጋ እንደምትገባ እዩ። ከዚያ ጎረቤታችሁን አንኳኩ።